አሎሎ አይወረወርም

የእህቴ ልጅ ደሴ ውስጥ ዘጠነኛ ክፍል ትማራለች። ዘንድሮ ትምህርት በተጀመረ በወሩ፣ በስፖርት ክፍለ ጊዜ አሎሎ ወርውሪ ተባለች። ወረወረች። ክርኗ ላይ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በግራ እጇ ስትሞነጫጭር ከረመች። እናቷ "ድሮስ ሴት ልጅና ብረት ምን አገናኛቸው?" ብላ ጉዳዩን ዘጋችው።

እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ። አንድ እሁድ ለቡና ተሰብስበን ሳለ ከቅርጫቱ ድንች አነሳሁና ሰጠኋት። "እስቲ እንዴት እንደወረወርሽው አሳዪኝ" አልኳት። ድንቹን ከጆሮዋ ኋላ ወሰደችው። ዝንጀሮ የሚያባርር እረኛ መሰለች። ልትለቀው ስትል እናቷ ጮኸች፤ ፊት ለፊቷ ቴሌቪዥኑ ነበር።

"እንደዚህ ነው ቲቸር ያሳያችሁ?"

"ኸረ ምንም አላሳየንም አጎቴ። በኖራ መስመር አሰመረና 'ወርውሩ' አለን። ወረወርን።"

ችግሩ ያለው እዚችው ቃል ላይ ነው። አሎሎ አይወረወርም። ይገፋል።

የአትሌቲክስ ሕጉ በዚህ ነገር ፍንክች አይልም። አሎሎው በአንድ እጅ ብቻ፣ ከትከሻ ላይ ይገፋል። ስፖርተኛዋ ስትጀምር ብረቱ አንገቷን ወይም አገጯን መንካት፣ ካልሆነም በጣም መጠጋት አለበት። ስትገፋው እጇ ከዚያ ቦታ ወደ ታች መውረድ የለበትም። ከትከሻዋ መስመር ወደ ኋላ መሄድም የለበትም። የእህቴ ልጅ ያደረገችውን ቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮና ላይ ብታደርገው ዳኛው ቀይ ባንዲራ ያነሳባት ነበር። ክርኗም እንደዚያው ይቀጭ ነበር። ከባድ ብረት እንደ ጠጠር ከጆሮ ኋላ ሲወነጨፍ ሸክሙን የሚቀበለው ክርንና ትከሻ ነው። ሲገፋ ግን ሸክሙን እግር፣ ዳሌና ወገብ ይካፈሉታል።

እኛ በአማርኛ "አሎሎ ውርወራ" ብለን ከጦርና ከዲስከስ ጋር አንድ ሙዳይ ውስጥ ከተትነው። ቴሌቪዥኑም ጋዜጣውም እንዲሁ ይለዋል። እንግሊዞቹ እንኳ ለጦሩና ለዲስከሱ "መወርወር" ይሉና ለአሎሎ ሌላ ቃል አላቸው። በእርግጥ ስም ቢቀየር ብቻ ወርቅ አይመጣም። ግን "ወርውሪ" የተባለች ልጅ ምን ታድርግ? ትወረውራለች።

ሌላም ነገር አጣራሁ። የተሰጣት ብረት የትኛው እንደሆነ ማለቴ ነው። ትምህርት ቤቱ ያለው አንድ አሎሎ ብቻ ነው፤ እሱም የአዋቂ ወንዶች፣ 7 ኪሎ ከ260 ግራም የሚመዝነው። የአዋቂ ሴቶች አሎሎ 4 ኪሎ ነው። ከ18 ዓመት በታች ላሉ ልጃገረዶች ደግሞ 3 ኪሎ። የ15 ዓመት ልጅ ለእሷ ከተመደበው ከእጥፍ በላይ የሚከብድ ብረት፣ ያውም በተሳሳተ አያያዝ፣ ወረወረች ማለት ነው። መምህሩን አልወቅስም። ያለችውን አንድ ብረት ለሃምሳ ተማሪ የሚያዳርስ ሰው ነው።

አሁን ወደ ቶኪዮ ልውሰዳችሁ። የዓለም ሻምፒዮናው ከመስከረም 3 እስከ 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ነበር የተካሄደው። እኛ ያለ ወርቅ የተመለስንበት ሻምፒዮና ነው። ደሴ ፒያሳ ካፌ ውስጥ ሰው ሁሉ ስለ 10 ሺው ሜትር ሲብሰለሰል ነበር። የሴቶቹን አሎሎ ፍጻሜ ያስተዋለው ሰው ይኑር አላውቅም። ካሜራው ሯጮቹን እያሳየ ጥግ ላይ ላለችው የአሎሎ ክብ ሁለት ሰከንድ ይሰጣል፣ ከዚያ ተመልሶ ሩጫ። እኔ ያየሁት በኋላ በስልኬ ነው።

ሆላንዳዊቷ ጄሲካ ሺልደር 20 ሜትር ከ29 አስመዝግባ ወርቁን ወሰደች። አሜሪካዊቷ ቼዝ ጃክሰን 20 ከ21 ላይ ቀረች። ኒውዚላንዳዊቷ ማዲሰን ሊ ዌሼ 20 ከ06 ገፍታ ሦስተኛ ወጣች። በወርቅና በብር መካከል ያለው ልዩነት 8 ሳንቲ ሜትር ነው። አራት ጣት ማለት ነው። ጃክሰን በ2022 እና በ2023 ተከታትላ የዓለም ሻምፒዮን የነበረች ሴት ናት። (እነዚህና ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልተናገርኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በመካከሉ ደግሞ በ2024 ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ ይቺው ጃክሰን ማጣሪያውን እንኳ አላለፈችም። የዓለም ሻምፒዮኗ ፍጻሜውን እንደኛው ቁጭ ብላ አየችው።

ይሄ ስፖርት እንዲህ ነው። በማጣሪያው ሦስት ዕድል ብቻ አለሽ። ስምሽ ተጠርቶ ሰዓቱ ሲጀምር አንድ ደቂቃ ይሰጥሻል። እግርሽ ከፊት ያለችውን የእንጨት መከላከያ አናቷን ከነካ ያ ዕድል ተቃጠለ። ገፍተሽ ስታበቂ በክቡ የፊት ግማሽ በኩል ከወጣሽም ተቃጠለ፤ መውጣት ያለው በኋላ በኩል ነው። አሎሎው በሁለቱ ነጭ መስመሮች መሀል ካልወደቀም እንደዚሁ። ሯጭ ስትሳሳት በሚቀጥለው ዙር ታካክሰዋለች። እዚህ ጠቅላላ ሥራው ያለው ሁለት ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነው።

የፓሪሱን ፍጻሜ እስቲ ፈልጋችሁ እዩት። ዌሼ በ19 ሜትር ከ86 እየመራች የመጨረሻው ዙር ደረሰ። ጀርመናዊቷ የሚሲ ኦጉንሌየ ስድስተኛውንና የመጨረሻውን ዕድሏን ይዛ ክቡ ውስጥ ገባች። ተሽከረከረችና ለቀቀችው። ልክ 20 ሜትር። አንድ ሳንቲ አልተረፈም፣ አንድ ሳንቲ አልጎደለም። በዚያች ወርቁ የእሷ ሆነ። በ2016 ሪዮ ላይም አሜሪካዊቷ ሚሼል ካርተር በመጨረሻ ዕድሏ 20 ከ63 ገፍታ ነበር ኒውዚላንዳዊቷን ቫለሪ አዳምስን የቀደመችው። አምስት ዙር ሙሉ መሪ ሆነሽ ስድስተኛው ላይ ወርቅ ይነጠቃል። እንዲህ ልብ የሚሰቅል ነገር እያለ እኛ "ወፍራም ሴቶች ብረት የሚጥሉበት" ብለን ቻናል እንቀይራለን።

እኔን ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን ርቀቱ ነው። ስፖርት ሁሉ ወደፊት ይሄዳል ብለን እናስባለን። ማራቶኑን እዩት፣ 10 ሺውን እዩት፣ ክብረ ወሰን ሲሰበር ነው የምንሰማው። የሴቶች አሎሎ ወደ ኋላ ነው የሄደው። የዓለም ክብረ ወሰኑ 22 ሜትር ከ63 ነው። ናታልያ ሊሶቭስካያ በ1987 ሞስኮ ላይ ያስመዘገበችው ነው። የኦሊምፒኩ ክብረ ወሰን ከዚያም የቆየ ነው፤ 22 ከ41፣ ምሥራቅ ጀርመናዊቷ ኢሎና ስሉፒያኔክ በ1980። በ1988 ሴኡል ላይ ወርቅ የተገኘው በ22 ከ24 ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን እዩ። በ1996 አትላንታ 20 ከ56። በ2000 ሲድኒ 20 ከ56። በ2008 ቤጂንግ አሁንም 20 ከ56! ሦስት የተለያዩ ሴቶች፣ ሦስት የተለያዩ ኦሊምፒኮች፣ አንድ ቁጥር። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ቻይናዊቷ ጎንግ ሊጃኦ በ20 ከ58 አሸነፈች። ከዚያ ፓሪስ፣ 20 ከ00።

ሴቶቹ ደከሙ? አልደከሙም። የቀነሰው መድኃኒቱ ነው። ምሥራቅ ጀርመን ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለአትሌቶቿ ጡንቻ የሚያሳድግ ሆርሞን በመንግሥት ደረጃ ትሰጥ እንደነበር ሰነዶቹ ከበርሊን ግንብ መፍረስ በኋላ ወጥተዋል። አሎሎ ገፊዎቹ ከመጀመሪያዎቹ ተሞካሪዎች መካከል ነበሩ። በ1986 የአውሮፓ ሻምፒዮን የሆነችው ገፊ ከ16 ዓመቷ ጀምሮ "ቫይታሚን ነው" እየተባለች እንክብሉን ስትውጥ ኖራለች። የእህቴን ልጅ በአንድ ዓመት ብቻ የምትበልጥ ልጅ ማለት ናት። ሰውነቷ ላይ የደረሰው ጉዳት ዕድሜ ልክ አብሮ ኖረ። በ1990ዎቹ መግቢያ ከውድድር ውጭም ድንገት እየመጡ መመርመር ሲጠናከር ርቀቱ በአንድ ጊዜ ወረደ።

አላለቀም ታዲያ። በ2004 የአቴንስ ኦሊምፒክ አሎሎን ወደ ጥንታዊቷ ኦሊምፒያ ወሰደው። በጥንት ጊዜ ሴት እንድትወዳደር የማይፈቀድበት ሜዳ ላይ ሴቶች ተወዳደሩ። ምን ዓይነት ቀን ነው! ወርቁን የወሰደችው ሩሲያዊት ግን ተመርምራ ተነጠቀች። ወርቁ በ19 ሜትር ከ59 ለኩባዋ ዩሚሌይዲ ኩምባ ሄደ። በ2012 ለንደን ላይም ታሪኩ ተደገመ። የቤላሩሷ ኦስታፕቹክ አሸንፋ ወርቁ አንገቷ ላይ ገባ፣ ከዚያ በዶፒንግ ተነጠቀች። ቫለሪ አዳምስ የለንደን ወርቋን የተቀበለችው አገሯ ገብታ ኦክላንድ ላይ ነው። ለንደን ላይ የብር ሜዳሊያ አጥልቃ የሌላ አገር መዝሙር ያዳመጠችበትን ያን ምሽት ማን ይመልስላታል?

ይሄን ሁሉ የምተርከው ወሬ ለማሳመር አይደለም። ከዚህ ውስጥ ለእኛ የሚጠቅም ነገር አለ። የዛሬው ወርቅ 20 ሜትር ላይ ነው። 22 ሜትር በፋርማሲ የተገዛ ርቀት ነበር፤ 20 ሜትር በእግር፣ በምግብና በብዙ ዓመት ልምምድ የሚደረስበት ነው። ሩቅ ነው፣ በጣም ሩቅ ነው። ግን ሰው የሚደርስበት ነው።

ምን ያህል ሩቅ እንደሆነም እንወቅ። ለቶኪዮው ሻምፒዮና በቀጥታ ለማለፍ የተቀመጠው ሚኒማ 18 ሜትር ከ80 ነበር። ናይጄሪያዊቷ ቪቪያን ቹክዉኤመካ በ2003 ያስመዘገበችውና ለረጅም ዓመታት የአፍሪካ ክብረ ወሰን ሆኖ የቆየው 18 ከ43 ለዚያ አይበቃም። እሷም በኋላ በዶፒንግ ታግዳለች። አህጉሩ ጉልበት አጥቶ እንዳልሆነ ግን አንዲት ሴት አሳይታለች። አውሪዮል ዶንግሞ ካሜሩን ተወልዳ ያደገች፣ ለካሜሩን የአፍሪካ ሻምፒዮን የሆነች ናት። ፖርቹጋል ሄደች፣ አሠልጣኝ አገኘች፣ ዜግነት አገኘች። በ2022 ቤልግሬድ ላይ 20 ሜትር ከ43 ገፍታ ለፖርቹጋል የቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ሴትዮዋ ያቺው ናት። የተቀየረው ዙሪያዋ ነው።

ወደ ስልቱ ልግባ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፣ እኔ ራሴ የተደነቅኩበት ቦታ ስለሆነ ነው።

አሎሎው የት እንደሚወድቅ በዋናነት የሚወስነው ከእጅ ሲወጣ ያለው ፍጥነት ነው። 20 ሜትር እንዲሄድ በሰከንድ ከ13 ሜትር በላይ ይዞ መውጣት አለበት። በከተማ መንገድ ላይ ከሚሄድ ሚኒባስ ጋር እኩል ነው። ይሄን ፍጥነት 2 ሜትር ከ13 ሳንቲ ስፋት ባላት ክብ ውስጥ መፍጠር አለብሽ። ክንድ ብቻውን አይችለውም። ስለዚህ ሰውነት ከታች ይጀምራል። እግር መሬቱን ይረግጣል፣ ጉልበት ይዘረጋል፣ ዳሌ ይዞራል፣ ደረት ይከተላል፣ ክንድ መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ ጣቶች ያሳርጋሉ። ክንድ ቸኩሎ ከቀደመ የእግር ጉልበት ሜዳ ላይ ይቀራል። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ብረቱን ሲያይ ክንዱን ያስባል።

ወደዚያ የሚደርሱባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ መንሸራተት ነው። ጀርባሽን ለሜዳው ሰጥተሽ ትጎነበሺያለሽ። በአንድ እግር ወደ ኋላ ተስፈንጥረሽ ክቡን ታቋርጫለሽ፣ ከዚያ ዞረሽ ትገፊያለሽ። አዳምስና ጎንግ እንዲህ ነው ያሸነፉት። ሁለተኛው እንደ ዲስከስ መሽከርከር ነው። ኦጉንሌየና ጃክሰን ይሽከረከራሉ። መሽከርከር ረጅም መንገድ ስለሚሰጥ ፍጥነት ለማጠራቀም ይመቻል፤ ቁመቷ ብዙም ላልረዘመች ልጅም ዕድል ይሰጣል። አዳምስ 1 ሜትር ከ93 ናት፤ እንደ እሷ ያለች ልጅ ደሴ ላይ ብትገኝ ቤት ውስጥ ስትገባ አንገቷን ስታጎነብስ ትኖራለች። የመሽከርከር ጣጣው ሚዛን ነው። አንዲት እግር አምስት ሳንቲ ብትስት ብረቱ ከመስመር ይወጣል።

በነገራችን ላይ ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከፍታው ለሯጭ ሳንባ ይሠራል ብለን ስንኩራራ ኖረናል። ለአሎሎም አይጎዳም። ብረቱ ከባድ ስለሆነ አየሩ ቢሳሳም ባይሳሳም ብዙም አይሰማው።

ታዲያ ለምን የለንም? አገሪቱ ኦሊምፒክ ላይ ያገኘችው ሜዳሊያ በሙሉ ከሩጫ ነው። ከ800 ሜትር በታች አንድም የለም፣ በእጅ ተገፍቶም ተወርውሮም አንድም የለም። በአገር አቀፍ ሻምፒዮና ላይ አሎሎ ይካሄዳል። ልጆቹ ይመጣሉ፣ ይገፋሉ፣ ሜዳሊያ ይወስዳሉ። ከዚያ ወዴት? ይሄ ነው ጥያቄው።

ገንዘቡን እንየው። የዓለም አትሌቲክስ ቶኪዮ ላይ ለአንድ ወርቅ 70 ሺህ ዶላር ከፍሏል። ለማራቶኗም ለአሎሎዋም እኩል። እዚህ ድረስ ፍትሐዊ ነው። ግን ሯጯ ቶኪዮ ባትደርስም የምትበላበት መንገድ አላት። የአውሮፓ፣ የቻይና፣ የህንድ ከተሞች የጎዳና ሩጫ አለ። ማናጀር መጥቶ ይፈልጋታል። አሥረኛ ብትወጣም ለቤተሰቧ በሬ ትገዛለች። አሎሎ የጎዳና ውድድር የለውም። ወይ ዓለም ላይ ከምርጥ ሠላሳ ውስጥ ትሆኛለሽ፣ ወይ ከክለብ በሚከፈልሽ ደመወዝ ብቻ ትኖሪያለሽ። እንዲህ ከሆነ አንዲት የገጠር ልጅ ስፖርት ስትመርጥ ሩጫን መምረጧ ሞኝነት አይደለም። ሒሳብ ነው።

ምግቡም አለ። ሯጭ ቀጭን ብትሆን ይሻላታል፣ ሽሮና እንጀራ ያሮጣል። አሎሎ ገፊ ሰውነት መገንባት አለባት። እንቁላል፣ ሥጋ፣ ወተት በየቀኑ። እህቴ ይሄን ስነግራት ሳቀች። "በጾሙስ?" አለችኝ። ሰባቱን አጽዋማት የምትጾም ቤት ናት። ባቄላ፣ ምስርና ሽምብራ ብዙ ይሸፍናሉ፣ እውነት ነው። ግን ስንት ባቄላ ነው ልጅቷ የምትበላው? የእንቁላል ዋጋንስ ደሴ ላይ ያለ ሰው ያውቀዋል፣ እኔ አልነግራችሁም።

ሦስተኛው ምክንያት አፍ ነው። የሰው አፍ። ትከሻዋ ሰፋ ያለች ልጅ ወሎ ውስጥ ምን እንደምትባል ሁላችንም እናውቃለን። "ወንዳወንድ።" ይቺው ልጅ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ጀርባዋ ላይ አዝላ ዳገት ስትወጣ ግን "ጎበዝ፣ ባለሙያ" ትባላለች። ሃያ ሊትር ውኃ ሃያ ኪሎ ነው። የሴቶቹን አሎሎ አምስት እጥፍ። ሃያውን ተሸክማ ስትወጣ ያልጎረበጠን፣ አራቱን ስትገፋ ጎረበጠን። ሴቶች በኦሊምፒክ አሎሎ ለመጀመሪያ ጊዜ የገፉት በ1948 ለንደን ላይ ነው። ያሸነፈችው ፈረንሳዊቷ ሚሸሊን ኦስተርሜየር በሙያዋ ፒያኖ ተጫዋች ነበረች። በእነዚያው ጣቶች 13 ሜትር ከ75 ገፋች፣ ዲስከሱንም አሸነፈች፣ በከፍታ ዝላይም ነሐስ ጨመረች።

ስለ መሣሪያና ስለ ሜዳ ብዙ አልልም። ወልዲያ ላይ ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዝ ስታዲየም አለን፤ ሰው የሚያስበው ለኳስ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደግሞ ወሎ ውስጥ ስንት ትምህርት ቤት ተዘረፈ። ጣሪያና ወንበር ባልሞላበት ስለ አሎሎ ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ይገባኛል። ግን ይሄ ስፖርት ከሁሉም ርካሹ መሆኑን ያወቅኩት ራሴ ስሞክረው ነው።

አንድ ሰኞ ከእህቴ ልጅ ጋር ከቦርከና ወንዝ ዳር ሦስት ክብ ክብ ድንጋይ ለቅመን በፌስታል ይዘን ሰኞ ገበያ ሄድን። ድንች የሚሸጡ አንዲት እናት ጋ ቆምን።

"እትዬ፣ ይቺን ድንጋይ ይመዝኑልናል?"

"ድንጋይም በኪሎ መሸጥ ተጀመረ ልጄ?"

ነገርኳቸው። ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። የሁለት ኪሎውንና የአንድ ኪሎውን ብረት በአንድ ወገን አስቀመጡ፣ ድንጋዩን በሌላው። የመጀመሪያው ቀለለ። ሁለተኛው ሚዛኑን ደፋው። ሦስተኛው ትንሽ ወዛወዘውና ቆመ። "ይኸው ሦስት ኪሎ" አሉ። "አልጨምርበትም፣ ምርቃት የለውም።"

ድንጋይ ከብረት ስለሚቀል ሦስት ኪሎ ድንጋይ ከሦስት ኪሎ ብረት ይተልቃል። የብረቱ 9 ሳንቲ ገደማ ስፋት ሲኖረው የእኛው ድንጋይ 12 አለፈ። ከመዳፏ ተርፎ ጣቶቿን በረገደው። ግን ክርን አይቀጭም። ግቢው ውስጥ ሲሚንቶው ላይ ሚስማር ይዤ፣ 1 ሜትር ከ7 ሳንቲ ገመድ አስሬ፣ በከሰል ክብ አዞርኩ። ነጮቹን መስመሮች ለማውጣት ፕሮትራክተር አያስፈልግም። ሕጉ 34.92 ዲግሪ ይላል። አትፍሩት። ከክቡ መሀል 10 ሜትር ስትሄዱ መስመሮቹ በ6 ሜትር ይራራቁ፣ በቃ። 20 ሜትር ላይ 12 ይሆናል። የፊቷን መከላከያ ሰፈር ያለ አናጺ ከወዳደቀ ጣውላ ሠራልን።

ለሁለት ሳምንት መሽከርከርም መንሸራተትም ከለከልኳት። ቆማ ብቻ። ድንጋዩን አንገቷ ላይ አስደግፋ፣ ቀኝ ጉልበቷን አጥፋ፣ ከታች እየተነሳች እንድትገፋ። መጀመሪያ 4 ሜትር ከ90 ሄደ። ክንዷን ነበር የምታስበው። "እግርሽን፣ እግርሽን!" ስላት "ወላዲት አምላክ፣ ድንጋዩ ያለው እጄ ላይ ነው እኮ!" ትለኛለች። አንድ ቀን ሳታስበው ዳሌዋ ቀደመ። ድንጋዩ ከእጇ ሲወጣ ድምፁ ራሱ ሌላ ነበር። ሄደን ለካን፣ 6 ሜትር ከ40። እናቷ ከኩሽና ወጥታ በር ላይ ቆማ አየች። ምንም አላለችም፤ ማታ ግን የልጅቷ ሳህን ላይ ሽሮው በዝቶ ነበር።

ከዚያ የጎረቤት ልጅ መጣች። ከቃሉ ወረዳ ለትምህርት መጥታ አክስቷ ጋ የምትኖር ልጅ ናት። ሻርፗን ወደ ኋላ አሰረችና "እኔም ልሞክር አጎቴ?" አለች። ቆመሽ ግፊ አልኳት። አልቆመችም። በግራ እግሯ ዞረች፣ ቀኟን አስከተለች፣ ገፋች። ድንጋዩ ከመስመር ወጣ። ግን ከሁለታችንም ምልክት አልፎ ሄደ።

"ይሄን የት ተማርሽው?"

"ወላሂ አልተማርኩም። ማማ ላይ ነው። ማሽላ ስንጠብቅ ወንጭፍ እንዲህ እየዞርን ነው የምንለቀው።"

ማማ ላይ ቆሞ ወፍ ሲጠብቅ ያደገ ሰው ያውቀዋል። ቦታዋ ጠባብ ናት፣ እግር የምታስቀምጪበትን ሳታይ ማወቅ አለብሽ፣ ስትዞሪ ብትስቺ ትወድቂያለሽ። የአሎሎ አሠልጣኞች ዓመት ሙሉ የሚያስተምሩት ይሄንኑ ነው። ወንጭፍና አሎሎ አንድ አይደሉም፤ ወንጭፍ ይወነጨፋል፣ አሎሎ ይገፋል፣ ክንዷን ማስተካከል ገና ብዙ ሥራ አለው። እግሩን ግን ይዛው መጥታለች። ከሐርቡ እስከ ባቲ፣ ከዚያም እስከ ቆቦ ድረስ ማሽላ የሚጠበቅበት ቆላ ስንት እንዲህ ያለች ልጅ እንዳለ አስቡት። የሩጫ መልማዮች ልጅ ሲመርጡ ሰዓት ይይዛሉ። ማሽላ ሲያሽት ማማ ሥር የቆመ መልማይ እስካሁን አላየሁም።

የእኔ ሐሳብ ትልቅ አይደለም። ሜዳሊያ አላልኩም፣ ሚኒማም አላልኩም። በየትምህርት ቤቱ ሁለት ባለ 3 ኪሎ አሎሎ ይኑር። የወንዶቹ ብረት ለሴቶቹ አይሰጥ። በወረዳ ውድድር ላይ ዳኛው ርቀቱን ከመለካቱ በፊት አያያዙን ይይ፤ ከጆሮ ኋላ የለቀቀችውን ልጅ አንደኛ ብሎ አይሸልም። ይሄ ሲሆን በየዓመቱ አይቻለሁ። በሚቀጥለው ደረጃ ስትደርስ ቀይ ባንዲራ ይነሳባታል፣ እሷም ለምን እንደሆነ ሳይነግሯት ተመልሳ ትመጣለች።

በአምስተኛው ሳምንት ድንጋዩ የአናጺያችን ጣውላ ላይ አርፎ ለሁለት ተሰነጠቀ። ሰኞ እንደገና ከቦርከና ለቅመን፣ አሁን ሦስት ሆነን፣ ገበያ ወጣን። እትዬ ከሩቅ አዩን።

"ዛሬም ድንች አትገዙም ማለት ነው?" አሉና ሚዛኑን አራገፉ።